ግማሽ ብድግ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ሳምንት ለስንት ሰው ከመቀመጫችሁ ተነሣችሁ? ለመሄድ ወይም ስልክ ለማንሣት ማለቴ አይደለም። ሰው መጥቶባችሁ፣ ለክብሩ፣ «ኖር!» ለማለት። «ለብዙ ሰው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ለአንድም ሰው አልተነሣችሁም ባይ ነኝ። አትቆጡ፤ ተቀምጣችሁ ቀራችሁም አላልኩም። በመነሣትና በመቀመጥ መካከል ያለውን ነገር ነው ያደረጋችሁት።

ይህ በመካከል ያለው ነገር ስም የለውም። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ግቡና እዩት። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰውዬ መቀመጫቸውን ስንዝር ያህል ያነሣሉ፤ ወገባቸውን ጎንበስ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እናንተም ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ «ኧረ በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ!» እያላችሁ ትሮጣላችሁ። ይቀመጣሉ። ሙሉ በሙሉ ቢነሡ እናንተ ታፍራላችሁ፤ ጭራሽ ባይነሡ ደግሞ እሳቸው ያፍራሉ። ስንዝሯ ሁለታችሁንም ታድናለች። መጠኗም እንደ ሰዉ ነው። ለአማት አንድ ስንዝር ሙሉ፣ ለአለቃ ስንዝር ከጣት (በተለይ የዕድገት ወሬ ካለ)፣ ለአጎት ልጅ ሁለት ጣት፤ መሰላል ተውሶ ላልመለሰ ጎረቤት ትከሻን ብቻ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ማንም ግን ልኩን አይስትም።

ይህን ሁሉ የምፈላሰፈው ሥራ ፈትቼ እንዳይመስላችሁ። ይህች ስንዝር የማትሞላ ነገር አንድ ጊዜ ሥራዬን ልታሳጣኝ ደርሳ ነበር። ከዚያም አልፋ የአንድ ሽማግሌን ቤት ልታሳጣ ምንም አልቀራት። እሷ ስል፣ እሷ ምን በወጣት፤ እኔ ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ምድር ቤቱ መድኃኒት ቤት በሆነ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ኮምፒዩተርና መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ ጫጩት የሚጮህ ዩፒኤስ ባለው ትንሽ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ውስጥ ኢንተርን ሆኜ ገባሁ። ኢንተርን ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ግን የሌለው ሰው ነው። የቀረ ሰው ካለ በሱ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ሲመጣ እነሣለሁ። የኔ አነሣሥ ግማሽ አልነበረም፣ ሙሉ ነው። መታወቂያው ግን መታወቂያ ነበር! መዳፍ የሚያክል፣ በሰማያዊ ጥብጣብ የሚንጠለጠል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት። «ድርጅታችን ትንሽ ስለሆነች መታወቂያዋ ትልቅ መሆን አለበት» ይል ነበር ባለቤቱ ዳዊት። ዳዊት በወጣትነቱ የሱቅ ታፔላ በቀለም ሲጽፍ የኖረ፣ ኮምፒዩተርን በራሱ ጊዜ የተማረ፣ አርባን ገና የተሻገረ ሰው ነው። «ጋሼ አትበሉኝ» ስላለን ጋሼ ዳዊት እንለዋለን።

ልምምዱ ሦስት ወር ነው። በመጨረሻ ላይ የምትያዝ አንዲት ቦታ አለች፣ እሷም ወንበር ያላት። ካልተያዝኩ ደግሞ አጎቴ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጸሐፊነት ሥራ አዘጋጅቶልኛል። እናቴ ለጎረቤት «ካርቱን ቤት ገብታለች» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ «ኢንሹራንስ ልትገባ ነው» ስትል ግን ግቢው ሁሉ ይሰማል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው እያዩ ከመሣል ሌላ የፈለግሁት ነገር የለም። ቦታዋን በጣም ፈልጌአት ነበር፤ ለማንም ባልናገርም እንቅልፍ የሚነሣኝ ያህል ፈልጌአት ነበር።

ፈተናዬ አራት ሴኮንድ ነው። ስቱዲዮው ለአንድ ድርጅት ስለ ሕፃናት ክትባት አጭር ፊልም ይሠራል። አንዲት ወጣት ነርስ ወደ ግቢ ትገባለች፤ በር ላይ የተቀመጡት አያት ብድግ ብለው ይቀበሏታል፤ ልጆቹ ከጓዳ ይወጣሉ። የአያትየው ብድግ ማለት ለኔ ተሰጠኝ። አራት ሴኮንድ ስላልኳችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በኛ ሙያ አንዷ ሴኮንድ ሃያ አምስት ሥዕል ናት፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከቀዳሚው በጥቂቱ ተለይቶ ተራ በተራ ሲያልፍ ነው ሰውዬው ነፍስ የሚዘራው። አንድን ሽማግሌ መቶ ጊዜ መሣል ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍራም የመማሪያ መጽሐፍ ነበረን። ሰው ከወንበር ሲነሣ ምን ምን እንደሚያደርግ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክብደቱን እግሩ ላይ ያሳርፋል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ ጎበዝ ተማሪ አንድም ሳላጎድል ሁለት ሳምንት ሠራሁና አሳየሁ። አያትየው ወደ ፊት አዘነበሉ። ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙ። አገጫቸው ሳይቀር ቀና አለ።

«አቦ፣ ይሄ ፋዘር መዝሙር የተዘመረ መስሎታል» አለ ናቲ፣ አጠገቤ የሚሠራው አኒሜተር።

ሁሉም ሳቀ። ዳዊት ብቻ አልሳቀም። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየውና፣ ከልቡ ግራ በገባው ድምፅ «የት ሊሄድ ነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። መጽሐፉ የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ያለው ይመስለዋል። ላለመሄድ የሚነሣ ሰው እንዳለ አልሰማም። ዳዊት ያን ዕለት ሁላችንንም «ኖር እያላችሁ አሳዩዋት» ብሎ አዘዘን። ናቲ የተወጋ ሰው መሰለ። ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ከወንበሯ ስትነሣ ቀሚሷ የተያዘባት መሰለች። ዳዊት ራሱ ሞከረና ወገቡን ይዞ ቀረ። እንዲህ ስንተራመስ በሩ ተንኳኳና የሕንፃው ባለቤት እናት፣ ስለ ውኃ ቧንቧው ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ስድስታችንም ብድግ አልን። ስንዝር። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ። ተቀመጥን። ልብ ብዬ ላየው ስል አልቋል።

«ያውልሽ!» አለ ዳዊት እየጮኸ፤ እማማ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። «በቃ፣ ሳያውቁት ሲያደርጉት ነው። ሂጂና እይው።»

በማግስቱ የሥዕል ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ የነበረውን ካዛንቺስ ያየ ያውቀዋል፤ በፊት ለፊት መስታወት፣ ዞር ሲሉ ቆርቆሮ። ሰው ሁሉ ዱካውን አውጥቶ በሩ ላይ ስለሚቀመጥ ለኔ ጉዳይ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አልተሳሳትኩም። ገና ወደ መጀመሪያው ቅያስ ስገባ፣ ሽንኩርት የሚልጡ እናት ቢላዋቸውን እንደያዙ ብድግ አሉልኝ። ከሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሰውዬ ጋዜጣቸውን አጥፈው ብድግ አሉ። ዳማ የከበቡ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ፣ ያውም ጨዋታው ጦፎ ሳለ። ይህን ያህል ጨዋ ሠፈር ከስቱዲዮአችን ጀርባ መኖሩን ሳላውቅ ሁለት ወር መቆየቴ አሳፈረኝ።

አንዷ ወንበር አወጣችልኝ። ባለ ጋዜጣው ሰውዬ ሳልጠይቃቸው «የኛ በረንዳ አልተለካም» አሉኝ። እኔም «በጣም ቆንጆ በረንዳ ነው» አልኳቸው። ከልቤ ነው፤ በሩ ላይ ካለው ቀይ ቁጥር ጋር ሥዬዋለሁም።

እናንተ ገና ድሮ ገብቷችኋል። እኔ ግን እርሳስ ከያዝኩ ሌላው ነገር ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ።

ጋሽ ሸምሱን ያገኘኋቸው ቅያሱ መጨረሻ ላይ ነው። ጎሚስታ ናቸው። አጥር የተደገፈች የቆርቆሮ ዳስ አለቻቸው፤ ዳሷ ውስጥ የጎማ መንፊያ፣ ከጎማ ውስጥ የወጣ የተነፈሰ ከመነዳሪ የሚነከርበት ግማሽ በርሜል ውኃ፣ ጥቂት ብረት። ከዳሷ ጀርባ በገዛ እጃቸው በቀጠሏት አንዲት ክፍል ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ይኖራሉ። የሚቀመጡት አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ነው። ሲያዩኝ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን ጎማው ጠርዝ ላይ አደረጉ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጎማው እፎይ እንደማለት ብሎ ከሥር ገፋ አደረጋቸው፤ ስንዝር ያህል ከፍ አሉና እዚያች ላይ ቆሙ። ጉልበታቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜ ልኩን ቁጢጥ ብሎ ጎማ የፈታ ጉልበት ነው።

«ኖር!» አሉኝ።

የፈለግሁት ይኸው ነበር! ከመደሰቴ የተነሣ «በእግዜር» ማለት ረስቼ እርሳሴን አወጣሁ። ልብ በሉልኝ፤ ኖር የሁለት ሰው ሥራ ነው። የተቀመጠው ግማሹን ይነሣል፤ የመጣው ሮጦ ግማሹን ይመልሳል። እኔ የራሴን ድርሻ ሳልሠራ ቆሜ ሣልኩ። ጋሽ ሸምሱም መላሽ ስላጡ፣ አልተቀመጡ አልተነሡ፣ ገጹ እስኪሞላ እንዲያው እንደተንጠለጠሉ ቆዩልኝ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው እያልኩ አደነቅሁ።

በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን ልሄድ ስል ጋሽ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ይቅርታ ያድርጉልኝና…» አሉ። «ጽፈውኛል አይደል?»

የልጅ ልጃቸው የምሆነውን ልጅ እርስዎ አሉኝ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር ባንዴ የገባኝ። በየበሩ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር፣ ያልተለካው በረንዳ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው መዳፍ የሚያክል መታወቂያ። ሠፈሩ ሊፈርስ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። የተጻፈ ምትክ ቤት ያገኛል፣ ያልተጻፈ ይቀራል፤ የሚጽፉትም መታወቂያ አንጠልጥለው ደብተር ይዘው በየቅያሱ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። የጋሽ ሸምሱ ክፍል ደግሞ ቅጥያ ስለሆነች በየትኛውም ወረቀት ላይ የለችም። ሠፈሩ ጨዋነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለኔ ግን ብድግ ያለው በጨዋነት አልነበረም።

ደብተሬን አየሁት። ገጹ ሙሉ ጋሽ ሸምሱ ነው፤ ጉልበታቸው፣ እጃቸው፣ ጎማው። «አልጻፍኩዎትም፤ የሣልኩዎት ነው» ማለት ነበረብኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። እትዬ ዘይነባ ከበሩ ብቅ ብለው አፌን ያያሉ፤ ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፈራሁ። ደግሞም እውነቱን ብናገር ነገ እንዲህ ብድግ የሚልልኝ ሰው ላላገኝ ነው፤ ይህንንም አስቤአለሁ፤ አልደብቃችሁም። እና ያቺን የኛን አዎ አልኩ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋትን፤ ችሎት ፊት ብትቀርብ አዎ ትሁን ድንጋጤ የማትለየዋን።

«ሸምሱ ኑረዲን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንዳያመልጠኝ። ከሥዕሉ ሥር ጻፍኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ለስላሳ አስመጡልኝ። ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቅያስ አላለፍኩም። ስቱዲዮ ተቀምጬ ዐሥር ቀን መቶዎቹን ሥዕሎች ሠራሁ። እርሳሱ በራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር። ያሳየሁ ዕለት ማንም አልሳቀም። አያትየው ጉልበታቸውን ያዙ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ስንዝር ከፍ አሉ፣ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ናቲ እንኳ ቀልድ አጥቶ «ይሄ ሰውዬ ይተነፍሳል እኮ» አለ።

«ጎበዝ» አለ ዳዊት። «ቦታዋ ያንቺ ናት።» ከዚያ ሥዕሉን መሐል ላይ አቆመውና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ቆይ ግን። ዓይናቸው ምን ላይ ነው?»

ሁላችንም አየን። አያትየው የሚያዩት የነርሷን ፊት አይደለም። እጇን ነው።

«እጇ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አልኩ። ከዚያ ደብተሩንም መታወቂያውንም፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«እኔ እኮ ምን እንደሆነ ነው ያጣሁት» አለ ዳዊት። «እንግዳ የመጣባቸው ሽማግሌ አይደሉም እኚህ። ጉዳይ የመጣባቸው ናቸው። እንዲህ እንዳለ ቢሄድ ድርጅቱ አይነቃም፤ ቦታዋም ያንቺ ናት ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም።» ወደ ወንበሩ ተመለሰና ጀርባውን ሰጥቶኝ «አንቺ ግን ነቅተሻል» አለ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። መታወቂያዬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ጎማው ላይ ሆነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። መታወቂያው ባይኖርም ደብተሩን ለይተውታል። እዚያው ቆሜ፣ ቃላቱ እርስ በርስ እየተጋጩብኝ፣ ተናገርኩ። የቀበሌ ሰው አይደለሁም፤ ሠዓሊ ነኝ፤ እርስዎን እያየሁ ሥዕል ነው የሠራሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብተሩን ተቀብለው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ስማቸው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ታዲያ ይሄ የት ነው የሚገባው?»

«የትም። የኔ ደብተር ነው።»

«ሠፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ቀበሌ ሲሰለፍ» አሉ እትዬ ዘይነባ ከበሩ ላይ፣ ሳይቆጡ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «እኛ ተጽፈናል ብሎ አስቀረኝ። ዛሬ መጨረሻው ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ጎማው ላይ ቁጭ አሉ፣ ሙሉ በሙሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሥዕል ለኔ የማንንም ነገር የማይነካ ንጹሕ ሥራ ነበር፤ የአንድ ሰው ቤት በኔ አንዲት ትንፋሽ ላይ ይቆማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ተነሡ ጋሼ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

ቀበሌው ኮሪደር ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ባለ ሽንኩርቷ እናትና ባለ በረንዳው ሰውዬም አሉ። መዝጋቢው በኔ ዕድሜ ያለ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ልጅ ነው። ከምሳ ሲመለስ በኮሪደሩ አለፈ። እና አግዳሚው ሙሉ፣ ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ፣ ስንዝር ብድግ አለ። ሠላሳ እጅ በሠላሳ ጉልበት ላይ። ልጁ አንገቱን ወደ ስልኩ ደፍቶ «በእግዜር» ሳይል ገባ። ሠላሳው ሰው መላሽ ሳያገኝ ቀስ እያለ በየራሱ ጊዜ ተቀመጠ። ልጁን ልንቀው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እሱ ቢያንስ እንደኔ ቆሞ አልሣላቸውም።

ተራችን ሲደርስ መዘጊያው ተቃርቧል። መዝጋቢው ቀና ሳይል «ሰነድ የሌለው በሌላ ጊዜ» አለ።

«ዛሬ መጨረሻው ነው አሉን እኮ» አልኩ።

«እሱን እኔ አላውቅም።»

እንባዬ መጣ። መሐረብ ላወጣ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት፣ ያ መከረኛ መታወቂያ በጥብጣቡ ተጠልፎ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። መዝጋቢው አየው። መዳፍ የሚያክል ነው፣ ጥብጣቡ ሰማያዊ ነው፣ ማኅተሙ ክብ ነው። መቀመጫው ከወንበሩ ላይ ተላቀቀ። ስንዝር ከጣት።

«ከ… ከየት ነው የመጡት?» አለኝ።

ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሊሳብ ሲል ያዝኩት። የፈለገው ይምጣ ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። «ከአኒሜሽን ስቱዲዮ ነኝ። ኢንተርን ነኝ።»

አኒሜሽን ምን እንደሆነ አላወቀም። ኢንተርንንም አላወቀም። ባለማወቁ ይበልጥ ተጨነቀ። ከላይ የመጣ አዲስ መምሪያ ሳይመስለው አልቀረም። ቅጹን አገላብጦ አነበበና «ለካ ሰነድ ባይኖርም ሁለት የጎረቤት ምስክር ይበቃል» አለ። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው፣ ያቺ መሥመር ቅጹ ላይ ድሮም እንደነበረች ነው፤ የሚያነባት ነው የጠፋው። ባለ ሽንኩርቷና ባለ በረንዳው መሰከሩ። ጋሽ ሸምሱ መዝገቡን ካላየሁ አሉ። ስማቸው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ የሚጠብቁ ይመስል ነበር።

በማግስቱ፣ የዓይኑን ነገር ለማስተካከል፣ ደብተሬን ይዤ ተመለስኩ። ጎማው ላይ ነበሩ። አዩኝ፤ ደብተሩን ሳይሆን እኔን። ፊታቸው ፈካ አለ፣ እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ሄደ፣ «ኖር!» አሉ፤ እኔም «በእግዜር! ኧረ በእግዜር ጋሼ፣ ይቀመጡ!» እያልኩ ሮጬ ትከሻቸውን ያዝኩ።

«መጣሽ?» አሉኝ። እርስዎ ቀረ።

ለስላሳው መጣ፤ ጨዋታው መጣ፤ ወደ ስቱዲዮ ስመለስ ነው አንዲት መሥመር እንኳ አለመሣሌ ትዝ ያለኝ። ዓይኑን ከጭንቅላቴ ሣልኩት። ከነርሷ እጅ ወደ ፊቷ፣ ካንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ከሩብ ጣት የማይበልጥ ከፍታ ነው። ዳዊት አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ያን አራት ሴኮንድ ነው።

ፊልሙን ያዘዘው ድርጅት ሰዎች በቀጠሮአቸው መጡ። ሰብሳቢዋ ከበሩ ስትገባ ሁላችንም ብድግ አልን፤ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አለችን፤ ተቀመጥን። ፊልሙን አየች። ወደደችው። ነርሷ ቆንጆ ናት አለች፤ ልጆቹ ደስ ይላሉ አለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ሽማግሌው ለምን በደንብ አይነሡም? ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንዴ? የጤና ፊልም እኮ ነው፣ ጤነኛ ይምሰሉ። ማለቴ፣ ሙሉ በሙሉ ይነሡ።»

ዳዊት ሊያስረዳት ሞከረ። ባሕላችን ነው አለ። አሁን አንቺ ስትገቢ ያደረግነው ነው አለ። «እኛ ምን አደረግን?» አለች፤ ከልቧ ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ፣ መዝሙር የተዘመረ የመሰላቸው አያት፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አልጠፋም ነበር። ናቲ በማግስቱ ቀየረው። አገር ያየው እሱን ነው። እኔም ወንበሬን አገኘሁ፤ በሠራሁት ሥራ ይሁን በተውኩት እንጃ።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ያ ቅያስ ፈረሰ። ጋሽ ሸምሱና እትዬ ዘይነባ ከከተማው ዳር፣ ካዛንቺስ ድረስ ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን አለው፣ የቧንቧ ውኃ አለው። ጋሽ ሸምሱ ልጃቸው የገዛችላቸው ቡናማ ሶፋ ውስጥ ሰምጠዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎማ የሚያስለጥፍ ሰው የለም፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የሶፋውን ክንድ ይደባብሳል። በሩ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ኖር የሚባልበትም ቅያስ የለም። አላማረሩም፤ እኔ ግን እጃቸውን አየሁ። ያቺን ቅጽ ያስሞላኋቸው እኔ ነኝ እኮ። ባይሞሉስ ኖሮ የት ይወድቁ ነበር? አውቃለሁ፤ ቢሆንም።

ስንጫወት ቴሌቪዥኑ ላይ የክትባቱ ፊልም መጣ። ነርሷ ገባች። አያትየው አዘነበሉ፣ ተነሡ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና ወደኔ ዞሩ።

«የት ሊሄዱ ነው እኚህ ሰውዬ?» አሉኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሕንፃ፣ ከሕንፃው ኋላ ሕንፃ፣ ከዚያ ሜዳ።

«እንጃ ጋሼ» አልኩና ልሰናበት ተነሣሁ። እሳቸውም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ብድግ ሊሉልኝ ሞከሩ። ሶፋ ደግሞ እንደ ጎማ ከሥር ገፋ አያደርግም። ግማሽ ሳይደርሱ «በእግዜር» እያልኩ ደረስኩላቸው።